ያልጠፋው ቁልፍ

ሀዋሳን ገና አዋሳ በምንልበት በደርግ ጊዜ፣ በሰፈራችን የግል መኪና የነበረን እኛ ብቻ ነበርን። የተቀረው ሰው የሚሄደው በጋሪ ነው። የእኛዋም አዲስ እንዳትመስላችሁ፤ በሰው አገር አገልግላ፣ ጉልበቷን እዚያው ጨርሳ፣ በጅቡቲ በኩል የገባች አሮጌ መኪና ነበረች። ስትነሳ ታስላለች። ከአንድ ቁልፍ በቀር ሌላ ይዛ አልመጣችም።

ሰፈር ውስጥ አንድ መኪና ካለች የባለቤቷ ብቻ አይደለችም። ሰው ሲታመም፣ ምጥ ሲመጣ፣ ሙሽራ ሲወጣ የሚንኳኳው የእኛ በር ነበር። ቤንዚን በኩፖን ነው፤ ድርሻችን በሰው ጉዳይ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ እምቢ ማለትን ከእናቱ ቤት አልተማረም። እኔ ተምሬያለሁ፤ ፊት ለፊት የማለት ወኔ ግን አልነበረኝም። አንድ ጊዜ የታመመ ጎረቤት አድርሶ ሲመለስ የኋላ ወንበሩን ትውከት ሞልቶት መጣ። አፍንጫዬን በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ አመድ እየነሰነስኩ፣ ያንን ወንበር ሳጥብ ዋልኩና በቃኝ አልኩ። በማግስቱ አንዱ ለሠርግ ሊለምን በር ላይ ሲቆም፣ ባለቤቴ አፉን ሳይከፍት ቀደምኩት።

"ቁልፏ ጠፋ" አልኩ። "ከተሠራችበት አገር ካልመጣ ደግሞ አይገኝም።"

ባለቤቴ አየኝና ዝም አለ። የእሱ ጥፋት ይኸው ዝምታው ነው፤ ከዚያ በላይ አልጨምርበትም። ቁልፉ እንደ ሳንቲም ተቋጥሮ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ነበር።

ጥቂት ሳምንት እናርፋለን ብዬ ነበር። የሰፈሬን ሰው ረስቼ! በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የዕድሩ ሰብሳቢ ሰው አስከትለው መጡ። "አይዞሽ ልጄ፣ ቁልፍ እግር የለው፣ የት ይሄዳል?" አሉና ኮታቸውን አጥራችን ላይ ሰቀሉ። ያን የሚያህሉ ሽማግሌ ተንበርክከው መኪናዋ ሥር ገቡ። ሌላው የቆሻሻ ጉድጓዳችንን በአካፋ ይገለብጣል። እኔ "ኧረ ተዉት፣ ይቅር" እላለሁ፤ እነሱ ይሉኝታ ይዟት ነው ብለው ይብስ ይተጋሉ።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ የጎረቤቴ ነገር ነው። አጥር የምትጋራኝ የሲዳማ ልጅ ናት፤ ያኔ ልትወልድ ተቃርባለች። የመጀመሪያ ልጇን ያጣችው መናኸሪያ ነበር፤ ጋሪ አድርሷት፣ ወደ ይርጋለም ሆስፒታል የሚሄድ አውቶቡስ ስትጠብቅ ምጡ ጠንቶባት። መኪናዋን የገዛን ዕለት መጥታ ኮፈኗን በመዳፏ እየዳበሰች "እኔንም ትወስደኛለች አይደል፣ እትዬ?" ብላኝ ነበር። "ምን ጥያቄ አለው!" ብያታለሁ።

እሷ ወንፊት ይዛ መጣች። ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ መሬት ተቀመጠችና የግቢያችንን አሸዋ በእፍኝ እየዘገነች ትነፋ ጀመር። ተነሺ ብላት፣ ብለምናት፣ አልሰማ አለች።

"ጸልያለሁ፣ እትዬ" አለችኝ ቀስ ባለው አማርኛዋ። "ይገኛል።"

እኔ አጠገቧ ቆሜ፣ ቁልፉ ጉልበቴን እየነካኝ፣ "አሜን" አልኩ። ያ አሜን ትዝ ሲለኝ ዛሬም ቤት ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ፊቴን እሸፍናለሁ።

ወንፊቷ ላይ ጣል አድርጌ "ይኸው ተገኘ!" ማለት እችል ነበር። ቋጠሮውን መፍታት ጀምሬም ነበር። ግን ሰው ከቦኛል፣ መልሼ ቋጠርኩት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔው እያደር ከበደኝ።

ፍለጋው አልሆን ሲል ሰብሳቢው ገበያ ሄደው ፕሪመስና ቁልፍ የሚጠግኑ ሰው ይዘው መጡ። እኔ "ከውጭ ካልመጣ..." ብዬ ስጀምር ሰውዬው "የሰው እጅ የሠራውን የሰው እጅ ይሠራዋል፣ እህቴ" ብለው መኪናዋ ውስጥ ገቡ። ጥርስ ያልወጣለት ቁልፍ በሻማ ጥላሸት አጥቁረው ያስገባሉ፣ ያወጣሉ፣ ጥላሸቱ የተላጠበትን አይተው በሞረድ ይሞርዳሉ። ሻማውን የያዘችላቸው ጎረቤቴ ናት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መኪናዋ አስላ አስላ ተነሳች። ሴቶቹ እልል አሉ፣ እሷ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ደስታ መስሏቸው አቀፉኝ።

አሁን ደግሞ ዋናው ቁልፍ መጣያ አጣ። ሳጥን ውስጥ እንዳላስቀምጠው ልጆቼ ያገኙታል። ሐይቁ ውስጥ ልወረውረው ሄጄ ነበር፤ ዳር ላይ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ስሜን ጠርተው ሰላም ሲሉኝ ይዤው ተመለስኩ። እዚያው ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቀረ።

ምጧ አንድ ጠዋት መጣ። ባለቤቴ በአዲሱ ቁልፍ አስነሳ፣ እኔ ከኋላ አቅፌያት፣ ወደ ይርጋለም ወጣን። ምጡ በመጣ ቁጥር "ማጋኖ! ማጋኖ!" እያለች በቋንቋዋ ፈጣሪዋን ትጠራለች፤ ያገኘችውን ሁሉ ትጨብጣለች። እጄን፣ ቀሚሴን፣ ነጠላዬን። አንዴ ነጠላዬን እንደጨበጠች አልለቅ አለች። ጣቶቿ ቋጠሮውን ሲዳስሱ ታወቀኝ፤ የቁልፉን ጥርስ፣ ከዚያ ራሱን። ዐይኗን ገለጠችና ከመሪው አጠገብ የተሰካውን ቁልፍ አየች። ቀጥላ እኔን አየች። ምጡ እስኪያልፍ እንደያዘችው ቆየች። ሲያልፍ ለቀቀችውና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ወንድ ልጅ ወለደች፤ እናትም ልጅም ደኅና ሆኑ። ገንፎ ይዤ ልጠይቃት ሄድኩ። "እግዜር ይስጥልኝ እትዬ" አለችኝ፣ ልጁንም አሳቀፈችኝ። ስለ ቁልፉ አንድ ቃል አላወጣችም፤ ለእኔም ለማንም። ብትሰድበኝ በተሻለኝ። ምላሴ ረጅም ነው፣ ለስድብ መልስ አላጣም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሌላ ልጅ አረገዘች፤ ሴት ናት፣ እሷንም በሰላም ተገላገለች። እንዴት እንደሄደች ግን ልንገራችሁ። ቀኗ ሲቃረብ ቤንዚን አጠራቅሜ፣ የኋላ ወንበሩን አጥቤ፣ ባለቤቴን ራቅ ብለህ እንዳትሄድ ብዬ፣ ጥሪዋን ስጠብቅ ሰነበትኩ። አንድ ንጋት የፈረስ ኮቴ ሰምቼ ወጣሁ። ባሏ ደግፎ ጋሪ ላይ እያወጣት ነው።

"ምነው!" ብዬ ሮጥኩ። "መኪናዋ አለች እኮ! ቁልፉም ይኸው!"

በጥድፊያዬ ሁለቱንም ቁልፍ ይዤ ነው የወጣሁት። እጄን አየችና፣ ያ ሁሉ ምጥ ይዟት፣ እንደ ታላቅ አክብራኝ አንገቷን ዝቅ አደረገች።

"አይቸገሩ፣ እትዬ" አለችኝ።

ጋሪው ወደ መናኸሪያ ሄደ።