ሳይቋረጥ የተቀረጸ ቃል

ወደ ጉዳዩ የገባሁት በሁለት ምክንያት ነው። ጅዳ በነበረው የቆንስላ ክፍላችን ውስጥ ሙስሊም በመሆኑ መካ መግባት የሚፈቀድለት ሠራተኛ እኔ ብቻ ነበርሁ፤ የቪዲዮ ካሜራ ያለኝም እኔው። ክርኔን ከጎኔ አጣብቄ፣ ትንፋሼን ይዤ ስቀርጽ ምስሉ እንደ ረጋ ውኃ ነበር።

መካ፣ ዛሂር ሠፈር በቤት ሠራተኝነት የተቀጠረች የወሎ ልጅ ውሏ አልቆ ሳለ አገሯ አልተመለሰችም። ዋስ ሆኖ ያስመጣት አሠሪ፣ ከፊሏ፣ «በፈቃዷ ቀረች» ቢልም ጅዳ ፔትሮሚን ሠፈር ጋራዥ የሚሠራው ወንድሟ አላመነውም። ስለዚህ ቃሏን ቀርጬ እንዳመጣ ታዘዝሁ።

ቤቱ ስደርስ እመቤቷ፣ ማዳሟ፣ ሻይ አቅርባ ከልጅቷ አጠገብ ተቀመጠች። ልጅቷም «ተመችቶኛል፤ እቆያለሁ» አለች።

ወንድሟ ቢሮ መጥቶ ካሴቱን ሁለት ጊዜ አየ።

«ጋሼ፣ እዚች ጋ ይመልሱልኝ።»

«ምን አየህ?»

«ብርጭቆዋን ነዋ። ሲጠይቋት ሙሉ፣ ስትመልስ ባዶ። እህቴ ትኩስ ሻይ በአንድ ትንፋሽ መጨለጥ መቼ ለመደች?»

«ዝም ብትል ጊዜ አቁሜ ቀጠልሁ። ረጅም ዝምታ ቀረጻ ያበላሻል።»

«ወላሂ፣ ጋራዣችንም እንዲሁ ነው፤ የተጋጨ መኪና ቀለሙ ሲያምር ነው የሚያስጠረጥረው። ምሳውስ እንዴት ነበር ጋሼ?»

ምሳ አልበላሁም ነበር። በግብዣ ተደልሏል ብሎ መጠርጠሩ አስቆጣኝ። ነገር ግን ካሜራው በቆመበት ጊዜ ማዳሟ ምን እንዳለቻት አልሰማሁም፤ እኔ ሌንስ እየወለወልሁ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከፊሉን ብቻ ሳይሆን ያማረውን ካሴቴንም መጠርጠር ያዝሁ።

በሳምንቱ ተመለስሁ። ሴት ልጅ ከባዕድ ወንድ ጋር ብቻዋን መቀመጧ እዚያ የማይታሰብ ስለሆነ ወንድሟን አስከተልሁ። መሕረም የሚሆናት የሥጋ ዘመድ በመገኘቱ ማዳሟ ሳሎን ለመቆየት ምክንያት አጣች፤ በሩን ግን ገርበብ አድርጋ ተወችው።

ጠየቅኋት። ዝም አለች። ካሜራውን አላቆምሁም፤ ክንዴ ዝሎ ምስሉ ተናወጠ።

በመጨረሻ ዝቅ ባለ ድምፅ «አገሬ መግባት ነው የምፈልገው» አለች። «ያን ዕለት እርስዎ መስተዋቱን ሲጠርጉ፣ እቆያለሁ ካላልሽ ፓስፖርትሽን አታይውም ብላኝ ነው።»

ካሴቱ ከደብዳቤ ጋር ለሚመለከተው የሳዑዲ መሥሪያ ቤት ቀረበ። ከፊሉ ተጠርቶ አየው፤ የሚከራከርበት የተቆረጠ ቦታ አላገኘም። ፓስፖርቷን አስረከበ፤ የመጨረሻ መውጫ ቪዛዋም ከዐረፋ በዓል በኋላ በዋለው የመጀመሪያ ቅዳሜ ተመታ።