ተጠቅልሎ የከረመው ቦኖ

ትናንት ጠዋት ከፍኖተ ሰላም በባጃጅ ወጥቼ፣ ከቡሬ መንገድ ተገንጥዬ አንድ ሰዓት በእግሬ ሄድኩ። ስሄድ ደስ ብሎኝ ነበር። ስመለስ ግን የባጃጁን ሹፌር እንኳ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ...

ነገሩ እንዲህ ነው። ስድስት ጓደኛሞች ነን፤ አብረን የተማርን፣ አብረን ሥራ የፈታን። ዝም ብሎ ከመቀመጥ ብለን የገጠር ምንጭ እናጎለብታለን። ሲሚንቶ እንለምናለን፣ ድንጋይ እንሸከማለን፣ ቧንቧ እንዘረጋለን። በቴሌግራም ደግሞ ከኬንያ፣ ከኔፓል፣ ከቦሊቪያ እንደኛው ለንጹሕ ውሃ የሚለፉ ወጣቶች ያሉበት ግሩፕ አለን። ሁሉም ሥራውን ሲጨርስ ፎቶ ይለጥፋል። የሚያብረቀርቅ ሲሚንቶ፣ ሪባን፣ ጭብጨባ። አልዋሽም፣ እኔም ያንን ፎቶ ክፉኛ ፈልጌው ነበር።

ትናንት የሄድኩበትን ሰፈር ቦኖ ከጨረስን ሦስት ሳምንት አልፎታል። ውሃው ተመረመረ፣ ይጠጣ ተባለ። የቀረው የወረዳ እንግዶች መጥተው ሪባን መቁረጣቸው ብቻ ነው። እነሱ ደግሞ ሦስቴ ቀጠሩን፣ ሦስቴ ቀሩ። ስብሰባ አለብን... መኪና የለም... እንደገና ስብሰባ። ውስጤ አረረ። ቢሆንም ሕዝቡ ውሃውን እየጠጣ ነው፣ ሪባኑ ገደል ይግባ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ትናንት ግን አላስችል አለኝና ብቻዬን ሄድኩ። ከሰፈሩ በታች፣ ወንዙ ዳር፣ መጀመሪያ ያገኘሁት እናትነሽን ነው። ቧንቧ ስንዘረጋ ልጇን አዝላ ድንጋይ ታቀብለን የነበረች ሴት ናት። ቢጫ ጀሪካኗን ከወንዙ እየሞላች ነበር። ከብቶች ከላይ ይጠጣሉ፣ እሷ ከታች ትቀዳለች።

«ቦኖው ተበላሸ እንዴ?» አልኳት።

«ኧረ ደህና ነው።»

«ታዲያ ምነው ከዚህ?»

«አይ እንግዲህ... አያ ይርጋን ጠይቂያቸው» አለች፣ እንዳጎነበሰች።

ልጇ ጀርባዋ ላይ የለም። የት እንዳለ ስጠይቃት ጤና ጣቢያ መተኛቱን ነገረችኝ። ተቅማጥ ይዞት ግሉኮስ ተተክሎለታል። እናቷ አጠገቡ ናቸው፤ እሷ ውሃና ስንቅ ይዛ ልትመለስ ነው የመጣችው።

ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። አያ ይርጋ የሰፈሩ የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ቦኖው አጠገብ ዱላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ዙሪያው በእሾህ ታጥሯል። የቧንቧው አፍ በማዳበሪያ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል። ሲሚንቶው ተጠርጓል፣ ከፊቱ ትኩስ ቄጤማ ተጎዝጉዟል።

ሰላምታ እንኳ በቅጡ አልሰጠኋቸውም።

«አያ ይርጋ፣ ይኼን ውሃ ለማን ነው የደበቃችሁት? ለወረዳ? ሰው ከከብት ጋር እየጠጣ እናንተ ሪባን ትጠብቃላችሁ? ሕፃን ታሟል እኮ።»

ብዙ ተናገርኩ። ወረዳውንም፣ ኮሚቴውንም፣ ሰፈሩንም አልማርኩም። እሳቸው አላቋረጡኝም። ሲበቃኝ «ተቀመጪ ልጄ፣ ደክሞሻል» አሉኝ።

አልተቀመጥኩም።

«ለወረዳማ ምን ቆርጦን ከእሾህ ጋር እንታገላለን» አሉ ረጋ ብለው። «ለወረዳ ቢሆን በማግሥቱ በቀዳን። አንቺ ነሽ እንጂ በስልክ ያልሽን።»

«እኔ? ምን አልኩ?»

«እንግዶቹ እስኪመጡ ዙሪያው እንዳይጨቀይ፣ አደራ አልሽን። ይኼ ሁሉ ሰው እየቀዳ ደግሞ ሳይጨቀይ አይቀር። ተመካከርን። ለፍታ ያወጣችልን ልጅ አደራ ካለች፣ አደራ ነው ተባለ። አጠርነው። በተራ እንጠብቃለን። ቄጤማውንም በየሦስት ቀኑ እንለውጣለን።»

አስታወስኩት... ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ነበር የደወልኩት፤ ለፎቶው ብዬ። እኛ ከተማ ውስጥ «አደራ» የምንለው ስልክ ከመዝጋታችን በፊት ነው፣ እንደ «ቻው»። ለተረሳ ቻርጀርም አደራ እንላለን። እነሱ ግን የወንዝ ውሃ እየጠጡ ጠበቁልኝ።

«እናትነሽስ ልጇ ሲታመም አልጠየቀችዎትም?»

«ጠየቀች። አንዲት ጀሪካን ብቻ ልቅዳ አለች። አደራው የእኛ አይደለም፣ አደራ የሰጠችንን ልጅ እናስፈቅድ ብለን ሁለቴ ደወልን። ስልክሽ አይነሳም።»

ሁለቱንም ሚስድ ኮል አይቻቸው ነበር። ኦንላይን ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ለእነ ኔፓል ስለ ንጹሕ ውሃ እያወራሁ።

ማዳበሪያውን ልቀድደው ዘልዬ ያዝኩት። አያ ይርጋ ክንዴን ያዙኝ። አደራውን የሰጠሁት ስልኩ በድምፅ ማጉያ ሆኖ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው አሉ፤ የሚነሣውም ሰው ፊት ነው። ጎረቤት ተጠራ። እኔም «አደራዬን አንሥቻለሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። ያኔ ገመዱን ራሳቸው ፈቱት።

መጀመሪያ የቀዳችው እናትነሽ ናት። የወንዙን ውሃ ደፍታ፣ ጀሪካኑን ሁለቴ አለቅልቃ ሞላችው። አዝላው ስታልፈኝ «እግዜር ይስጥልን» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ወዲያው ሰልፉ ረዘመ። ቄጤማው ተረገጠ፣ ጀሪካን በጀሪካን ላይ ተደፋ፣ ከሰዓት በኋላ ቦኖው ዙሪያ ከጭቃው የተነሣ ቆሞ መነጋገር እንኳ አልተቻለም። ፎቶ አላነሳሁም።

ዛሬ ጠዋት ከወረዳ ተደወለልኝ። «ነገ ያለጥርጥር እንመጣለን፣ ቦታው ዝግጁ ነው አይደል?»

«በጣም» አልኳቸው። «ቦት ጫማ አድርጋችሁ ኑ።»