በባትሪ ምክንያት ሳይሰማ የቀረ ምርቃት

ዛሬ የሙሽራዋ አባት ማይክ ይዘው ሲመርቁ የታየው የከንፈራቸው እንቅስቃሴ ብቻ ነበር። ድምፅ የለም።

እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ መኪና ላይ ስፒከር እገጥማለሁ። አባትየው ከወለጋ ተፈናቅለው እዚሁ መጠለያ የሚኖሩ ናቸው። ጉሮሯቸውን ታመው ድምፃቸው ከሹክሹክታ አያልፍም።

ለሠርጉ በመጣው ፒክአፕ መኪና ጣሪያ ላይ ስፒከር ያሰቀለኝ የሙሽራው ወንድም ነው።

«አራት ትልልቅ ስፒከር በአንድ ባትሪ አይሆንም። ወይ ሁለቱን እንቀንስ፣ ወይ ባትሪ እንጨምር» አልኩት።

«ዝም ብለህ ግጠም! ጫጫ ከተማ ድረስ መሰማት አለበት» አለኝ።

ደንበኛ እንዳይቀየመኝ ብዬ ገጠምኩ።

ሞተሩ ጠፍቶ ዘፈኑ ሲያንባርቅ አረፈደ። (አንዱን ዘፈን ሰባት ጊዜ ሰምቼዋለሁ።) አባትየው ለምርቃት ሲነሱ ባትሪው አለቀ፤ ማይኩም ስፒከሩም አብረው ጸጥ አሉ።

ሽማግሌው ግን መመረቃቸውን ቀጠሉ። ያ ወንድምየው ታዲያ የጨረሱ መስሎት «በሉ እልል በሉ!» ብሎ ጮኸ። ድንኳኑ በእልልታ ተናጋ።

አባትየው ማይኩን መለሱልኝ። ለመስማት ጠጋ ማለት ነበረብኝ።

«ልጄ፣ ገና ስሟን እንኳ አልጠራሁም» አሉኝ።

በወንድምየው መናደድ አቃተኝ። የማውቀው እኔ ነበርኩ።

እናንተስ፣ እንደማይሆን እያወቃችሁ «እሺ» ብላችሁ የሠራችሁት ሥራ አለ? ዛሬ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ንገሩኝ።