የቶማ ሁለተኛ ክኒን

በሸንዲ ከተማ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው ሰፈር፣ ሴት ልጁን የሚድር ሰው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የቶማን በር ነበር። ቶማ ሙሽሮችን ጢስ የምታሞቅ ሴት ናት። ከግቢዋ ጥግ፣ በሸንበቆ ዳሷ ውስጥ፣ አንድ ክንድ የሚጠልቅ ክብ ጉድጓድ አለ፤ አፉ በሸክላ ጭቃ የተለሰነ፣ ውስጡ ከስንት ዘመን ጢስ የተነሣ እንደ ድስት ቂጥ የጠቆረ። ቶማ ፍሙን ታወርዳለች፣ በላዩ የግራር ፍልጥ ታጋድማለች፣ ነበልባል እንዳይነሣ በመዳፏ ውሃ ታርከፈክፋለች። ከዚያ መሐሉ የተቀደደ ሰሌን አንጥፋ ሙሽራዪቱን ቀዳዳው ላይ ታስቀምጥና ከፍየል ጠጉር በተሠራ ከባድ ብርድ ልብስ እስከ አንገቷ ትጠቀልላታለች። ልጅቷ ላቧ ተንጠፍጥፎ፣ ቆዳዋ ቀልቶና ለስልሶ ስትወጣ ቶማ በሁለት ጣቷ ክንዷን ነካ አድርጋ፣ «በስለሻል» ትላታለች። ሥራዋ ይኸው ነው፤ በሥራዋ ደግሞ ሰው አያማትም።

ቶማ ማለት መንትያ ማለት ነው። ወንድሟ ቶም ይባል ነበር። በዚያ አገር መንትያ የሆነ ልጅ ሲተኛ ነፍሱ በድመት አካል ገብታ ጎረቤት ለጎረቤት ስትዞር ታድራለች ይባላል። ስለዚህ መንትያ ያለበት ሰፈር ሲመሽ ድመት አይመታም፤ እናትም መንትዮቿን ነቅንቃ አትቀሰቅስም፤ ነፍሲቱ እስክትመለስ ትጠብቃለች። ቶማና ቶም ገና ልጆች ሳሉ አንድ ጠዋት ቶማ ነቃች፣ ቶም ግን አልነቃም። እናቱ ፀሐይ ግቢውን እስክትሞላው ጠበቀች። ከዚያ ጠራችው። እየደጋገመች ጠራችው። ያን ቀን የሰፈሩ የተምር መጋዘን ጠባቂ፣ ሌሊት የራት ዓሣውን ሊሰርቅ የገባ አንድ ግራጫ ድመት በዱላ መምታቱን ለአንድ ሰው ተናግሮ ነበር፤ ወሬው ቶማ ቤት እስኪደርስ ድረስ ሰውየው ሰፈሩን ለቋል። ስለ ነገሩ ጮክ ብሎ የተናገረ የለም። እናቲቱ ብዙ ዘመን ኖራ፣ በመጨረሻ በደም ግፊት ግማሽ አካሏ ዝሎባት፣ አፏ ወደ አንድ ወገን ተጣሞ ሞተች።

እንግዲህ ባለፈው ክረምት ቶማን ራሷን ከማጅራቷ በኩል ይወቅራት ጀመር። ባሏ ባቢኪር ጡረታ የወጣ የባቡር ነጂ ነው፤ ሞተሩ ጆሮውን ስላደነቆረው በሹክሹክታ የሚያወራው እንኳ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። እሱ ነው ጤና ጣቢያ የወሰዳት። ሐኪሟ ተስኒም የምትባል ወጣት ናት፤ ክንዷን አስራ ለካቻት፣ ደግማ ለካቻትና ትንንሽ ነጭ ክኒኖች አዘዘችላት።

«ግፊት አለብዎት ሐጃ። በየጠዋቱ አንድ ነው። ደህና ነኝ ብለው እንዳያቋርጡት። ያልገባዎት ነገር አለ? የሚጠይቁኝስ?»

ቶማ የምትጠይቀው ነበራት። ግፊት ምን እንደሆነ በትክክል አታውቅም። ግን ከኋላዋ ሌላ ሰው ቆሟል፤ ደግሞም እናቷን የገደለውን ነገር «ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ አሳፈራት። «ገብቶኛል ልጄ» ብላ ወጣች። መንገድ ላይ ለራሷ ተረጎመችው፤ ግፊት ማለት ደም ሲፈላ ነው፣ ልብ ጆሮ ውስጥ ድው ድው ሲል ነው፣ ክኒኑም ያበርደዋል።

በየጠዋቱ ከወተት ሻይዋ ጋር አንዷን እየዋጠች ከረመች። ራስ ምታቱም ተዋት።

ብርዱ ሲገባ ጉልበቷ ይቆረጥማት ጀመር። ባቢኪር የጠፍር አልጋው ላይ ተጋድሞ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ የሰው ልጅ ስታበስይ ትውያለሽ፤ እኔ ጋ ስትመጪ ግን ሽንኩርት ሽንኩርት ትሸቻለሽ!» አላት።

«ዝም በል አንተ ሰውዬ፣ ጎረቤት ይሰማሃል።»

«ይስማ! ወላሂ ሌላ ሳላገባ ራስሽ እዚያ ጉድጓድ ላይ ተቀመጪ!»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ለራሷ ፍም አወረደች። ሰሌኑ ላይ ተቀምጣ ብርድ ልብሱን ስትጠቀልል ጉልበቷ ወዲያው ፈታ አለላት። ላቡ መውረድ ሲጀምር ግን ልቧ ጆሮዋ ውስጥ ድው ድው አለ። ግፊቱ ተነሣ፣ አለች በሆዷ። የእናቷ የተጣመመ አፍ ፊቷ ላይ ድቅን አለባት። ቶሎ ወጣች።

በሚቀጥለው ሐሙስ ጢስ ከመግባቷ በፊት ሁለተኛ ክኒን ዋጠች። ለጢሱ ብላ። ለማንም አልተናገረችም፤ መድኃኒት ነው፣ ትንሽ ቢጨመር ምን ይጎዳል ብላ።

ያን ቀን ረጅም ጊዜ ተቀመጠች። ጢሱ ከብርድ ልብሱ ሥር እየሾለከ ዳሱን አጨለመው። ልትነሣ እጇን መሬት ላይ ተክላ ቀና ስትል፣ ከዓይኗ ዳር የጀመረ ጥቁረት እንደ መጋረጃ ተስቦ ብርሃኑን ዘጋው። ከሩቅ በተምር ዛፎች መሐል የሚያልፍ ነፋስ የሚመስል ሹሹታ መጣ። ከሹሹታው ውስጥ፣ ከእግሯ ሥር ካለው ጉድጓድ፣ የልጅ ድምፅ፣

«ቶማ» አላት።

አንድ ለስላሳ ነገር ቁርጭምጭሚቷን ታክኮ አለፈ። ተንገዳግዳ የዳሱን ምሰሶ ያዘች። ብርሃኑ ሲመለስ ጉድጓዱ ውስጥ ፍም ብቻ ነበር፤ ሰሌኑም ላይ ምንም የለም።

አልጮኸችም። ድምፁን አውቃዋለች። እሷ ስታረጅ ቶም በዚያው የልጅ ድምፁ ቀርቶ ነበር።

በሚቀጥለውም ሐሙስ ጠራት። አሁን ቀረብ ብሎ፣ እንደ ድሮው በጨዋታ መሐል ኩርፍ ብሎ፣ «ቶማ፣ ነዪ እንጂ» አለ። ቀኑን ሙሉ አጥንቷ ውስጥ የቀረ ቅዝቃዜ ይዟት ዋለ፤ ሆኖም ሐሙስ እስኪመጣ ቸኮለች።

ጎረቤቷ ሲታልበናት ሽንኩርት ልትበደር ገብታ ፊቷን አየች።

«ምን ሆነሻል? የዱባ አበባ መስለሻል እኮ።»

ቶማ ነገረቻት። ሲታልበናት የተቀበለችውን ሽንኩርት ቀስ አድርጋ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች፣ ዓይኗንም ከዳሱ በር አሸሸች።

«ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ክኒኑን ከጀመርኩ... ጢሱን ከጀመርኩ ወዲህ።»

«ክኒኑ ነው! በር የከፈተው እሱ ነው። ጢስማ እናቶቻችንም ሲሞቁ ኖረዋል፣ ማን ጠራቸው? ጣዪው እላለሁ።»

«እናቴ እንዴት እንደሞተች አላየሽም እንዴ?»

«እናትሽን የወሰደው ግፊት ይሁን አይሁን ማን አየ? አሁን ግን የሚወስድሽ ስምሽን እየጠራ ነው።»

ቶማ ክኒኑን አልጣለችም። ሐሙስ ደረሰ፤ እንደ ልማዷ ሁለተኛዋን ዋጠች። ከጢሱ ስትነሣ ጥቁረቱ ሹሹታውን አልጠበቀም። «ነዪ» የሚለው ድምፅ አሁን ከታች ሳይሆን ከጆሮዋ ውስጥ ነበር፤ የወደቀችውም ወደ ድምፁ ነው።

ባቢኪር የሚቃጠል ጠጉር ሽታ ሸቶት ሮጠ። ግማሽ አካሏ ሰሌኑ ላይ፣ ግራ ክንዷ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ አገኛት። ጎትቶ አወጣት፤ ክንዷ ከእጅ አንጓዋ እስከ ክርኗ ተቃጥሎ ተልጦ ነበር። «ቶማ! ቶማ!» እያለ ሲጮህ የሰማችው በመጨረሻ ነው።

ከዚያ ክኒኑን ተወችው። ጢሱንም ተወችው። ጥሪውም ቆመ። ሲታልበናት፣ «አላልኩሽም?» እያለች ሰፈሩን አዳረሰች። ባቢኪር ግን ቶማ ጠዋት ጠዋት ማጅራቷን ይዛ ስትቀመጥ፣ ሻይ ስትቀዳ ከኩባያው ውጪ ስታፈስ አየ። አንድ ቀን ተነሥቶ ቶቧን፣ ሴቶቹ ከራስ እስከ እግር የሚጠቀለሉበትን ረጅም ልብስ፣ ወረወረላት።

«ተጠቅለዪ። እንሄዳለን።»

«የት?»

«መቃብር አይደለም! ጤና ጣቢያ ነው!»

ተስኒም ለካቻትና መሣሪያውን ትክ ብላ አየችው። «ሐጃ፣ ከመጀመሪያው ቀን ብሷል። ክኒኑን አቋርጠዋል?»

ባቢኪር ሊመልስ አፉን ሲከፍት ሐኪሟ በእጇ አስቆመችው፤ «እሳቸው ይንገሩኝ።»

ቶማ መሬት መሬቱን እያየች ሁሉንም አወራች፤ የጠዋቷን ክኒን፣ የሐሙሷን ሁለተኛ፣ ጢሱን፣ ጥቁረቱን፣ የወንድሟን ድምፅ፣ የእናቷንም አሟሟት። ተስኒም አልሳቀችም። ወንበሯን አስጠጋች።

«የባልዎ ወንድም ወንዝ ዳር እርሻ አላቸው አይደል? የውሃ ፓምፑን ያውቁታል። ልብ ፓምፑ ነው፣ የደም ሥር ቦዩ። ቦዩ ሲጠብ ፓምፑ በኃይል ይገፋል፤ ግራና ቀኙን ይንዳል። ግፊት ይኸ ነው። ጆሮ ውስጥ የሚሰማ አይደለም፤ ምንም ሳያሰማም ይንዳል። እናትዎን እንደዚያ ሳያደርግ አልቀረም። ክኒኑ ቦዩን ያሰፋዋል።»

«ጢሱስ?»

«ሙቀትም ቦዩን ያሰፋል። ላቡ ደግሞ ውሃውን ይወስዳል። በዚያ ላይ ሁለተኛ ክኒን ጨመሩበት። ሰፊ ቦይ፣ ጥቂት ውሃ። ድንገት ሲነሡ ከሁሉ ከፍ ያለው ማሳ ሳይጠጣ ይቀራል።» የራሷን ግንባር በጣቷ ነካች። «ዓይን የሚጨልመው፣ ጆሮ ሹሽ የሚለው፣ እግር የሚደነዝዘው ያኔ ነው። የልብዎ ድው ድው ሙቀቱ ነበር እንጂ ግፊት አልነበረም።»

ቶማ ራሷን ነቀነቀች። ሁሉም ገባት፤ እንደዚያ ቀን ለይምሰል አልነበረም። ተስኒም አስተኝታ ለካቻት፣ አስቁማም ለካቻት፤ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ወደ ክኒኑ እንድትመለስ ነገረቻት። በየጠዋቱ አንድ፤ ቢረሳ እንኳ በማግስቱ ሁለት አይሆንም፤ የከበዳት ነገር ካለ ከመተውም ከመጨመርም በፊት መጥታ ትጠይቃለች። ከአልጋ ስትነሣ መጀመሪያ ትቀመጣለች። ሙሽሮቹን ታሙቅ፣ እሷ ግን ጉድጓዱ ላይ አትቀመጥ።

በሩ ላይ ደርሳ ቶማ ዞረች። «ልጄ... ድምፁስ?»

ተስኒም ጥቂት አሰበች። «ደም ሲያጥረው ራስ ብዙ ነገር ያሰማል ሐጃ። ግን ለምን የእሱን ድምፅ እንደመረጠ እኔም አላውቅም።»

ቶማ ይህን ይዛ ቤቷ ገባች። ያወቀችው ነገር ከራስ ምታቱ ይበልጥ ከበዳት። እስከዚያ ቀን ቶም በፈቀደ ጊዜ የሚመጣ ይመስላት ነበር። አሁን መንገዱን ታውቀዋለች፤ ሁለት ክኒን፣ ግራር፣ ብርድ ልብስ፣ ከዚያ ድንገት መነሣት። እንደ ወጥ አሠራር ተነገራት። በፈለገች ጊዜ ልትጠራው ትችላለች፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ጥቂት ብትቆይ ወደ እሱ ትገባለች።

ክኒኗን በየጠዋቱ በሥርዓቱ ዋጠች፤ የክንዷም ቁስል ጠባሳ ሆነ። አንድ ሐሙስ ግን፣ ባቢኪር ገበያ ሄዶ ሳለ፣ ሙሽራ ሳይመጣ ፍም አወረደች። ለምን እንደምታወርድ ለራሷ አልነገረችም። ዳሱ ጨለመ። ጉድጓዱ እንደሚተነፍስ ሰው ጢሱን ወጣ ገባ ያደርገው ጀመር። የጠዋቷን ውጣለች፤ ሌላ ሁለት መዳፏ ላይ ነበሩ። የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያን ጠዋት ለምን እንዳልተመለሰ። ያ ብቻ። ብርድ ልብሱን ትከሻዋ ላይ ጣለች። እጇ ወደ አፏ ሲሄድ ታየዋለች፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስላል።

«ቶማ!»

ደርቃ ቀረች። ድምፁ ከየት እንደመጣ አላወቀችም። ከጉድጓዱ ይሁን ከውጪ፣ ለአንድ አፍታ ሁለቱም አንድ ነበሩ።

«ቶማ! አንቺ ቶማ! ቤት ውስጥ ሰው የለም?» ድምፁ ተሰበረ። ባቢኪር ከገበያ ሲመለስ ጢሱን አይቶ ነበር። የዳሱን በር ገፍቶ ለመግባት ፈርቶ፣ ግቢው መሐል ቆሞ፣ የሚመልስለት እንዳይጠፋ እየፈራ ይጣራል። ቶማ እንዲህ ያለ ጥሪ ታውቃለች። የሚጠራው ሰው ምላሽ ሲያጣ ፊቱ ምን እንደሚሆን ታውቃለች፤ ከቶም ጎን ተኝታ በእናቷ ፊት ላይ አይታዋለች።

«አቤት!» አለች። «አቤት፣ አለሁ!»

ውሃ የያዘውን ማሰሮ አንሥታ ፍሙ ላይ ገለበጠችው። ጉድጓዱ ጮኸ። ብዙ ጊዜ ጮኸ፣ ከዚያ ዝም አለ። ወጥታ መዳፏን ለባቢኪር ዘረጋችለት።

«ያዛቸው። የክኒኑን ሣጥንም ከእኔ ውሰድ። በየጠዋቱ አንዷን አንተ ስጠኝ።»

«ለምን? እጅሽ ተቆርጧል?»

«አልተቆረጠም። ስጠኝ ብያለሁ።»

ባቢኪር ክኒኖቹን አየ፣ ትከሻዋ ላይ ያለውን ብርድ ልብስ አየ፣ ጢሱን አየ። ሌላ ቀን ቢሆን ሰፈሩ የሚሰማው ቀልድ ይወረውር ነበር። ያን ቀን ግን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነተኛ ሹክሹክታ፣ «እሺ» አላት።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አንዷን መዳፏ ላይ ያስቀምጥና እስክትውጥ አፏን እያየ ይቆማል። «ምላስሽን አውጪ» ይላታል። «አንተ ባለጌ» ትለዋለች፣ ግን ታወጣለች። ሙሽሮች ይመጣሉ፤ ታበስላቸዋለች፣ ጢሱን እሷ ከነፋሱ ወገን ቆማ ታያለች። ጠዋት ከአልጋዋ ስትነሣ መጀመሪያ ትቀመጣለች፣ እግሯን መሬት ታስነካለች፣ ትጠብቃለች። ሐኪሟ ያለቻት ጥቁረቱ እንዳይመጣ ነው። ቶማ ግን በዚያች ጥቂት ጊዜ ውስጥ ታዳምጣለች። ማንም አይጠራትም። ከዚያ ቀስ ብላ ትነሣለች።