አልጣሽ በሐረጎ ዳገት

ሞላልኝ የዘመተው በ1969 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ጋሪ ይነዳ ነበር። አንድ ጠዋት ቀበሌ ጠራው፤ በሳምንቱ ካኪ ለብሶ ከሌሎች ሚሊሺያዎች ጋር በጭነት መኪና ተጫነ። ሚስቱ አልጣሽ መኪናው ከዓይኗ እስኪጠፋ ቆማ አየችና ወደ ቤቷ ገባች።

«ላለቅስ ነበር» ብላኛለች ከብዙ ዓመት በኋላ ስታጫውተኝ። «በረቱ ውስጥ ግን ያልበላ ፈረስ አለ። ለቅሶው ይቆይ አልኩ።»

ፈረሱ ቦራ ይባላል፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ዳማ ነው። ጋሪውን የሚነዳው ባልየው ቢሆንም ፈረሱን ፈረስ ያደረገችው እሷ ናት። ጭዱን ከፉርሽካ ጋር በውኃ አሽታ ታቀርብለታለች። ኮቴው ውስጥ የተሰነቀረውን ጠጠር በቢላዋ ጀርባ ትነቅላለች። የጋሪው ማሰሪያ የላጠውን ትከሻውን በጨው ውኃ አጥባ ቅቤ ትቀባዋለች። ድምፅዋን ሲሰማ ከበረት ሆኖ ያሽካካል። ግን አንድም ቀን ጀርባው ላይ ወጥታ አታውቅም። በሕይወቷ ከብት ላይ የተቀመጠችው አንዴ ብቻ ነው፤ በሠርጓ ቀን፣ በቅሎ ላይ፣ ያውም ሚዜ እየሳበላት።

ጋሪ ነጂዎቹ ያን ጊዜ በማኅበር ታቅፈዋል። ሞላልኝ በሄደ በወሩ የማኅበሩ ሊቀመንበር ፈንታሁን አልጣሽን ለስብሰባ አስጠራት። ፈንታሁን ራሱም ጋሪ ነጂ ነበር፤ ወንበር ካገኘ ወዲህ ግን ጓደኞቹን በስማቸው መጥራት ትቷል፤ ሁሉም «ጓድ» ሆነዋል።

«ነጂ የሌለው ጋሪ ቆሞ መዋል የለበትም» አለ። «የሞላልኝ ፈረስ ከነጋሪው ለማኅበሩ ይተላለፍና ሌላ ሰው ይመደብበት። ጓዶች፣ ተቃውሞ አለ?»

ሠላሳ ያህል ወንድ መሬት መሬት አየ። አልጣሽ ከበሩ አጠገብ ተነሣች።

«እኔ እቃወማለሁ። የዘመተው ባሌ ነው፤ ፈረሱ አልዘመተም። ጋሪውን እኔ እነዳዋለሁ።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ፈንታሁን እስኪወጣላቸው ጠበቀ።

«ደንባችንን ታውቂያለሽ? ሥራ ሲያልቅ ነጂው ፈረሱን ያለ ኮርቻ ጋልቦ ቦርከና ወንዝ ወስዶ ያጥባል። ፈረስ የማይጋልብ ጋሪ አይነዳም። አንቺ ትጋልቢያለሽ?»

«እጋልባለሁ» አለች። ውሸቷን ነው።

«እንግዲያው አሳዪና።»

«አሁን ጾም ላይ ነኝ። የሐምሌ አቦ ዕለት ወንዝ ዳር ኑና እዩ።»

ሦስት ሳምንት ነበራት። ከስብሰባው እንደ ወጣች በቀጥታ ወደ አያ ጀላል ቤት ሄደች። አያ ጀላል ሰባ ዓመት ያለፋቸው ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ከአብዮቱ በፊት የአንድ ባላባት ባልደራስ ሆነው ሃያ ምናምን ፈረስ ይጠብቁና ያሠለጥኑ ነበር። ፈረሶቹ ተወርሰው ከተበተኑ ወዲህ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የጸሎት ሙስበሃቸውን መቁጠር ሆኗል ሥራቸው።

«አያ ጀላል፣ ፈረስ መጋለብ ያስተምሩኝ።»

«ማንን?»

«እኔን ነዋ።»

«ለመቼ?»

«ለሐምሌ አቦ።»

«ያ ረቢ!» ሽማግሌው መቁጠሩን አቋርጠው ቀና ብለው አዩዋት። «እታለም፣ ማን አስቆጣሽ?»

ነገረቻቸው።

«የኔንም ፈረሶች የወሰደው እንዲህ ያለ ሰብሳቢ ነበር» አሉ። «ያን ጊዜ ቃል አልወጣኝም። ወላሂ አስተምርሻለሁ። አብሽሪ።»

በማግስቱ አልጣሽ የሞላልኝን ሱሪ በገመድ አጥብቃ ታጠቀችና ቦራን ወደ ወንዙ ሜዳ ይዛ ወረደች። አያ ጀላል መጀመሪያ ልጓም ከለከሏት። ልጓም ላይ የሚንጠለጠል ጋላቢ የፈረሱን አፍ ከማቁሰል በቀር የሚሠራው የለም አሉ። ባዶ ጣሳ ውኃ ሞልተው በቀኝ እጇ አስያዟት፤ በግራዋ ጋማውን ጨብጣ ፈረሱ በእርምጃ ይሂድ። ውኃው የሚፈሰው ልብሷ ላይ ነው። መጀመሪያ ቀን ጣሳው ባዶ ሆኖ፣ እሷ ሾቃ ተመለሰች። በአምስተኛው ቀን ግማሹ ተረፈ።

«ወገብሽን ፍቺው!» ይጮሃሉ ሽማግሌው ከዳር። «ጆንያ አይደለሽም! እሱ ሲሄድ አብረሽው ሂጂ!»

በመጀመሪያው ሳምንት ሰባት ጊዜ ወደቀች። ጭኖቿ ተላጡ፤ ለቦራ ትከሻ ያዘጋጀችውን ቅቤ ለራሷም ትቀባው ጀመር። ሶምሶማ ሲመጣ ጥርሷ ይንገጫገጫል። ሌላም ችግር ነበር። ቦራ የጋሪ ፈረስ ነውና መንደር ውስጥ ስትጋልበው ሰው የሚወርድበት ቦታ ሁሉ ይቆማል። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ ቀጥ ይላል፤ አውቶቡስ ተራ ሲደርስ ቀጥ ይላል፤ ተሳፋሪው ወርዶ እስኪሄድ መጠበቁ ነው። ሰው ተሰብስቦ ይስቃል። አልጣሽ ተረከዟን ጎኑ ላይ ጠበቅ አድርጋ «የሚወርድ የለም፣ ሂድ!» ስትለው ቀስ በቀስ እየሰማት መጣ።

ጎረቤቷ ገበያነሽ አላስቻላትም።

«አልጣሽ፣ ሴት ልጅ ፈረስ ላይ አንፈራጣ ስትቀመጥ ነውር አይደለም? ባልሽ ቢሰማ ምን ይላል?»

«ፈረሱ አለ ወይ ነው የሚለው» አለቻት፤ አልቆመችላትም።

የሐምሌ አቦ ዕለት ዝናቡ ሲያባራ ጋሪ ነጂዎቹ ወንዝ ዳር ተሰለፉ። ቦርከና ደፍርሶ ይጮሃል። አልጣሽ ለመውጣት የምትረግጠው ድንጋይ ፍለጋ አልሄደችም፤ ጋማውን ይዛ ዘለለችና በሆዷ ተንጠልጥላ፣ እግሯን አሻግራ ተቀመጠች። በእርምጃ ሄደች፣ በሶምሶማ ሄደች፤ ከዚያ ሜዳው ጫፍ ካለው ዋርካ ድረስ ሽምጥ ጋልባ ተመለሰች። ጭቃው ፊቷን ሞልቶታል። አንዱ ነጂ አጨበጨበ፤ ፈንታሁን ሲዞርበት እጁን ኪሱ ከተተ።

«ጥሩ ትርዒት ነው» አለ ፈንታሁን። «ግን ማኅበራችን ሴት አባል የለውም። ሰኞ ፈረሱን ታስረክቢያለሽ።»

«ይህ ደንብ የዛሬ ሦስት ሳምንት የት ነበር?»

«አሁን ነገርኩሽ።»

«ደሴ ወጥቼ ለበላይ አመለክታለሁ።»

«በምን ትወጪያለሽ? ያለ ይለፍ አውቶቡስ አያሳፍርሽም። ይለፉን የምፈርመው ደግሞ እኔ ነኝ።» ከማኅበሩ ሌላ በቀበሌውም ኮሚቴ ውስጥ ነበርና እውነቱን ነው። ይህን ሲናገር ደስ ብሎት ነበር፤ አልጣሽ እስከ ዛሬ የማትረሳበት እሱን ነው።

በነጋታው ጎሕ ሲቀድ አያ ጀላል ኮርቻ ተሸክመው መጡ። ቆዳው የተሰነጣጠቀ፣ እርካቡ የዛገ የባላባቱ ኮርቻ ነው፤ ከአልጋቸው ሥር ደብቀውት ኖሯል። በእጃቸው ጫኑላት።

«በእግረኛው መንገድ ውጪ፤ አስፋልቱ ላይ ኬላ አለ። ዳገቱን ወደ ፊት ተጠግተሽ ጋማውን ያዢ። ቁልቁለት ሲሆን ውረጂና ሳቢው። ላብ ላይ እያለ ውኃ እንዳታጠጪው። የቀረውን አላህ ያውቃል።»

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት የሚያውቅ ያውቀዋል። መኪና እንኳ እየተጠማዘዘ፣ እያቃሰተ ነው የሚወጣው። አልጣሽ በአቋራጩ ገባች። ድንጋዩ በዝናብ ረጥቦ ያንሸራትታል፤ ከዳገቱ ወገብ በላይ ጉም ነው። ሁለት ጊዜ ወርዳ ሳበችው፤ አንዴ ቦራ በጉልበቱ ተደፋና እሷ በአንገቱ በኩል ወደ ፊት ወደቀች። ተነሣች፣ ጉልበቱን ዳሰሰች፣ አልተሰበረም። አንገቱን አቅፋ ትንሽ ቆመች። መመለስ በልቧ አልመጣም ብትል ውሸት ነው፤ ግን ቁልቁል ስታይ የታያት ኮምቦልቻ ሳይሆን የፈንታሁን ሳቅ ነበር። እንደገና ወጣች።

እግረኛው መንገድ ካስፋልቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጠመንጃ ያነገተ የኬላ ጠባቂ «ቁሚ!» አላት። ቆመች።

«ይለፍ?»

«የለኝም። ይለፍ የሚጠየቀው መኪና የተሳፈረ ነው። እኔ ምን ተሳፈርኩ?»

ጠባቂው ቀረብ አለ። ዕድሜው የገፋ፣ ከገጠር የመጣ ሰው ነው። ፈረሱን ዙሪያውን ዞሮ አየው።

«ለምን ነው የምትሄጂው?»

«ባሌ ዘመተ። ፈረሱን ሊወስዱብኝ ነው። ልከሳቸው።»

«እንዲህ ሆነሽ አትደርሺም» አላት። አልጣሽ ልጓሙን ሰበሰበች። ሰውየው ግን ጠመንጃውን ወደ ጀርባው ገፋ አድርጎ ጎንበስ አለና ከቦራ ሆድ ሥር ያለውን ጠፍር አጠበቀላት። «ኮርቻሽ ወደ ኋላ ሸሽቷል። ሂጂ፣ አላየሁሽም።»

ከጦሳ ተራራ ሥር የተኛችው ደሴ ስትታያት ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ቦራን በእርምጃ አብርዳ፣ አጠጥታ፣ መንገድ ዳር ማመልከቻ አስጽፋ፣ የአስተዳደሩን ቢሮ ጠየቀች። ቢሮው ውስጥ አንድ ጸሐፊ ማመልከቻዋን በዓይኑ ገረፍ አደረገው።

«ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። በሳምንቱ ተመለሺ።»

«ሰኞ ፈረሴ ይወሰዳል።»

«እኔ ምን ላድርግ?»

አልጣሽ ወጣች። ሰው ሁሉ የሄደች መስሎት ነበር። እሷ ግን ፈረሷ ላይ ወጥታ ግቢው መሐል፣ ትልቁ መስኮት ፊት ለፊት ቆመች። ዘበኛው ውረጂ አላት፤ አልወረደችም። ልጓሙን ሊይዝ ሲመጣ ቦራ ጆሮውን አጥፎ ጥርሱን አሳየው፤ ዘበኛው ራቅ ብሎ መጮህን መረጠ። ጸሐፊዎቹ በየመስኮቱ ብቅ ብቅ አሉ። አንድ ሰዓት ያህል እንዲያ ቆየች፤ ወገቧን አላጎበጠችም። በመጨረሻ የመቶ አለቃ ማዕረግ ያለው ሰው ወጣ።

«አንቺ ሴት! የመንግሥት መሥሪያ ቤት መሆኑን ታውቂያለሽ? ውረጂ!»

«ወረቀቴ ሲጻፍ እወርዳለሁ።»

«ላስርሽ እችላለሁ እኮ!»

«ይችላሉ፣ ጌታዬ። ባሌን ለጦርነት ወሰዳችሁ፣ እኔን እሰሩኝ፣ ፈረሱን ፈንታሁን ይውሰደው። የዘማች ቤተሰብ እንንከባከባለን ብላችሁ በሬዲዮ የምትናገሩት የኔን ቤት አይጨምርም?»

መቶ አለቃው መስኮቶቹን ቀና ብሎ አየ፤ በየመስኮቱ ሰው አለ። ንግግሩን ሁሉም ሰምቷል። እጁን ዘርግቶ ማመልከቻውን ተቀበላት፤ እዚያው ቆሞ አነበበው። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ወረቀቱ ሲመጣ ማኅተሙ ገና እርጥብ ነበር፦ የዘማች ሞላልኝ ባለቤት ጋሪውን በራሷ እንድትነዳ፣ የሚከለክላትም ቢኖር ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲያስረዳ። ያን ጊዜ ወረደች።

ሰኞ ፈንታሁን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ። በጽሑፍ የሚያስረዳው ምክንያት አልነበረውም። ነቅሎ ያስቀመጠውን የጋሪውን ታርጋ ከመሳቢያው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው፤ አልጣሽ ወስዳ ራሷ ቸነከረችው።

መጀመሪያ የሚሳፈርላት ጠፋ። ወንዶቹ በሴት መነዳት አፈሩ፤ ሴቶቹ ፈሩ። በሦስተኛው ቀን የሐርቡዋ ሽንኩርት ነጋዴ ዘይቱና ጆንያዎቿን ወርውራ ዘላ ወጣች። «በወንዶቹ ሁለቴ ተገልብጫለሁ፤ እስቲ አንቺ ደግሞ ገልብጪኝ» አለች። አልገለበጠቻትም። ከዚያ ወዲህ የገበያ ሴቶች ሌላ ጋሪ አይፈልጉም ነበር።

ሞላልኝ በ1971 ዓ.ም. ተመለሰ። ከኦጋዴን የመጣው አንድ ጆሮው ደንቁሮ፣ ከስቶ ነው። አልጣሽ በዕልልታ ተቀበለችው፤ እግሩን አጠበችለት። በሳምንቱ ተነሥቶ አለንጋውን ከግድግዳ አወረደ።

«እንግዲህ መጥቻለሁ። አንቺ ዕረፊ።»

«መምጣትህ ደስታዬ ነው» አለችው። «ጋሪውን ግን አልለቅም።»

«ምን ሊሉኝ ነው ሰዎቹ?»

«ለኔም ሁለት ዓመት ሲሉኝ ኖረዋል። አልገደለኝም።»

አንድ ወር ተኳረፉ። ደንቆሮ ጆሮውን አዙሮላት ይቀመጣል፤ እሷም በዚያኛው ጆሮ በኩል ዞራ ትናገረዋለች። በመጨረሻ ጠዋት እሷ፣ ከሰዓት በኋላ እሱ ብለው ተስማሙ። ሞላልኝ መጀመሪያ ዓይኑን እየሰበረ ነበር የሚወጣው። አንድ ቀን ግን አንድ እንግዳ ተሳፋሪ፣ ጋሪው የማን እንደሆነ ቢጠይቀው፣ «የሚስቴ ነው» አለው። «እኔ ከሰዓት በኋላ ነኝ።»