ሐያት ለምን አላለቀሰችም

ከመርሳ የወጣሁት ጎህ ሲቀድ ነው። የአዲስ አበባው አውቶቡስ ክላክሱን ሲያንባርቅ የሦስት ዓመቷን ልጄን ሐያትን ለእናቴ አስታቅፌ ተሳፈርኩ። ጀርመን ያለው ባሌ የላከው ወረቀት ለእኔ ሲሳካ ለእሷ አልተሳካም፤ «ቶሎ ትከተልሻለች» ተብዬ ነው። ሐያት ዝም ብላ አየችኝ። ሊሸኙ የመጡት ሴቶች «ማሻአላህ! እናቷ ስትሄድ እንኳ አታለቅስም፤ እንዴት ያለች ጨዋ ናት!» አሉ። እኔም ሞኟ ደስ አለኝ።

ከተወለደች ጀምሮ እንዲያ ነበረች። ጡት ካልሰጠኋት አትጠይቅም፣ ትተኛለች። ሁለት ዓመት ሞልቷት አልቆም ስትል «ትደርሳለች፣ ምን አስቸኮለሽ» አሉኝ።

ጀርመን ስገባ ብርዱ አንድ ነገር ነው፤ ማንጎው ደግሞ እንደ በሽተኛ ተጠቅልሎ ይሸጣል፣ የመርሳን ማንጎ የበላ ሰው ዞር ብሎም አያየው። ከሁሉ የባሰው ግን ኡንተርሽሪፍት ነው፣ ፊርማ ማለት ነው። አከራያችን ደረጃ ለምጠርግበት ተራ እንኳ ወረቀት ይዘው መጡ። «ካልፈረምኩ አልጠርግም ማለት ነው?» ብላቸው «ካልፈረምሽ ቤቱም የለም» አሉኝ።

ሁለተኛ ልጄን በወለድኩ በማግስቱ አዋላጇ ፎርምና ካርድ ይዛ መጣች፤ አስተርጓሚው በስልክ ነው። ካርዱ ላይ ክብ ክብ ተሠርቶበታል። ሳየው ደሜ ፈላ።

አውቀዋለኋ! ሐያት አራስ ቤት ሳለች መርሳ ላይ ጥናት የሚሠሩ ሰዎች መጥተው ነበር። አንደኛው «የቤቱ አባወራ ማነው?» ብሎ አማቴን አስፈረመ። ልጅቷን አቅፌ የያዝኩትን እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ተረከዟን ወግተው እንዲህ ያሉ ክቦችን በደሟ ሞሉ፤ «ውጤቱን እናመጣለን» ብለው ሄዱ። ይኸው እስከ ዛሬ!

«አልፈርምም!» አልኩ።

«መብትሽ ነው» አለች አዋላጇ። «ለምን እንደምንወስደው ግን ላስረዳሽ?»

«ውጤቱን ማን ያየዋል?»

«አንቺ ነሻ! ልጁ ያንቺ አይደል?»

ከዚያ በተረከዝ ደም ከሚለዩት አንዱን ሕመም ታስረዳኝ ጀመር። ሕፃኑ እምብዛም አያለቅስም፣ እንቅልፍ ያበዛል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ እንብርቱ ያብጣል። ቶሎ ከተገኘ በቀን አንዲት ትንሽ ኪኒን ትበቃዋለች፤ ካልተገኘ አእምሮው ይጎዳል። ሳትጨርስ ጮህኩ። የምታወራው ስለ ሐያት ነው!

ፈረምኩ። ልጁ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ለእናቴ ደውዬ ሐያትን ወልድያ ሆስፒታል አስወሰድኳት፤ ያው ሕመም ሆኖ ተገኘ። ኪኒኑን ሲያዝላት ሐኪሙ «ያለፈውን ሁሉ አይመልስም» ብሏል። እነዚያ ሰዎች በደሟ ምን እንደፈለጉበት ዛሬም አላውቅም። ይህንኑ ሕመም ይሁን ሌላ፣ አንድ ሰው ተመልሶ ቢነግረኝ ምን ነበረበት? የልጄ ደም የእነሱ ወረቀት ማሟያ ነው እንዴ? እናንተ እዚያ ያላችሁ እናቶች፣ ልጃችሁን ሊወጋ የመጣውን ለምን እንደሆነ ሳትጠይቁ፣ ውጤቱን የት እንደምታገኙ ሳታውቁ እንዳትሰጡ!

ትናንት እናቴ ደወለች።

«ዘሃራዬ፣ ይህ ኪኒን ልጅቷን አባለገብን። ትጮሃለች፣ ዕቃ ትወረውራለች፣ ዛሬማ ነከሰችኝ። ሰው ምን ይለናል? ያችን የመሰለች ጨዋ ልጅ! ብናቆመውስ?»

ከጀርባዋ የሐያት ልቅሶ ይሰማኛል። እንዲያ ስታለቅስ ሰምቻት አላውቅም።

«እማ፣ በአላህ! እንዳታቆሚው!»

«እሺ፣ አላቆመውም።»

«አሁን ምን ሆና ነው?»

«እኔ እንጃ፣ ልጄ። አውቶቡሱ ክላክስ ባደረገ ቁጥር በሩን ይዛ ‹እማ› ትላለች።»

«ተያት፣ ታልቅስ» አልኩ።