ሉክ ጄ አላገባም አለች

ሁለተኛው መጦሪያ ቤትም «አንቀበላትም» ባለን ቀን የመኪናውን በር በንዴት ደረገምኩት። ባለቤቴ ኪዮንግ ጠባዬን ስለሚያውቅ ሞተሩን አስነሥቶ መንዳት ጀመረ። ሉክ ጄ ከኋላ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ የከተማችንን የኢፖን መንገድ ታያለች። ሰማንያ አምስት ዓመቷ ነው። ቅድም ግን የመጦሪያው ባለቤት ቀሚስ ላይ ሙሉ ስኒ ሻይ ደፍታ፣ ወለሉ ላይ እንትፍ ብላ፣ እያነከሰች ወጥታለች። የሚገርመው፣ እግሯ ከኔ እግር የጸና ነው። ማነከሱን ከየት እንዳመጣችው እንጃላት።

አሳድጋኛለች። እናቴ ወልዳ ወደ ማጆንግ ጨዋታዋ ተመለሰች፤ አትፍረዱባት፣ የዚያን ጊዜ የሀብታም ሚስት ሌላ ምን ሥራ አላት። ያጠበችኝ፣ ያስተኛችኝ፣ ኩፍኝ ሲወጣብኝ አቅፋኝ ያነጋችው ሉክ ጄ ናት። እኔ ስወልድ ደግሞ ልጄን አሳደገች። ስለዚህ «ምንሽ ናት?» ብሎ የሚጠይቀኝን ሰው አልወደውም። በየመጦሪያው በር ላይ ይህንኑ ጠየቁኝ፤ «እናቴ ናት» አልኩ፣ አለቀ።

ሉክ ጄ ማለት ስድስተኛ እህት ማለት ነው። የወጣላት ስም ማክ ዩክሲም ነው፤ በዚህ ስም የሚጠራት ግን መታወቂያ የሚያድሰው ሰውዬ ብቻ ነው። ስድስተኛነቷም ከእናቷ ልጆች አይደለም፣ ከመሐላ እህቶቿ ነው። ቻይና አገር፣ ሐር ከሚፈተልበት መንደር የመጡ ሰባት ሴቶች ነበሩ። በመንደራቸው ወግ ልጃገረድ ጸጉሯን በአንድ ጉንጉን ጀርባዋ ላይ ትለቀዋለች፤ ስትዳር ማጅራቷ ላይ ይቋጠርላታል። ባል አልፈልግም ያለች ደግሞ መቅደስ ገብታ፣ ምላ፣ በገዛ እጇ ትቋጥረዋለች። ከዚያ ወዲያ አባትም ቢሆን ሊድራት አይችልም። ሉክ ጄ አባቷ ሁለት ሚስት ለቀበረ ሽማግሌ ሊሰጣት መሆኑን ስትሰማ ሄዳ ቋጠረችው። ከዚያ መርከብ ላይ ወጥታ ማላያ፣ ያሁኗ ማሌዢያ፣ መጣች፤ ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ሱሪ ለብሳ እኛ ቤት ሠራተኛ ሆና ገባች።

ሰባቱ እህትማማቾች ከወርቅ ሠሪው ሱቅ በላይ አንዲት ክፍል ነበረቻቸው። በዕረፍት ቀናቸው እዚያ ተሰብስበው ይበላሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። አንዳንዴ ይዛኝ ትሄድ ነበር፤ እንደነሱ የሚስቁ ሴቶች አላየሁም። ለእርጅናቸውም ተዘጋጅተዋል። ከከተማው ዳር፣ ዋሻ ካለበት ተራራ ሥር፣ አንዲት መነኩሲት የምታስተዳድረው የሴቶች አዳራሽ ውስጥ ከደመወዛቸው እያዋጡ ቦታ ገዝተዋል፤ እዚያ አብረው ሊጦሩ፣ አንዷ አንዷን ልትቀብር። ግን ሞት ተራ አይጠብቅም፤ ስድስቱን ወሰዳቸው። መነኩሲቷም ስትሞት ወራሾቿ ሸጡት። ዛሬ መኪና ይታጠብበታል።

በሽታው ሲጀምራት እርጅና ነው ብለን አለፍነው። ምድጃ ለኩሳ ትረሳለች፤ ይሁን። ከባቡር ጣቢያው ሰው ይዟት ይመጣል፤ እሱም ይሁን። አንድ ጠዋት ግን ያንን ከስድሳ ዓመት በላይ ያልተፈታ ቋጠሮ ፈትታ፣ ጸጉሯን በአንድ ጉንጉን ሠርታ፣ ጫፉን በቀይ ክር አስራ ወጣች። ሳቅኩ። አምሮባት ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ እኔን «እትዬ» ማለት ጀመረች፤ ወንዙ የት ነው፣ እናቴ የታለች ትላለች። ሌሊት በር ከፍታ ትወጣለች። እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ፤ ሱቄ የሞላው መቀስና መርፌ ነው፣ ይዣት አልውልም። አንድ ቀን ከጭነት መኪና ፊት ጎትተው አወጧት። የዚያን ቀን ኪዮንግ ቃሉን አወጣው።

«መጦሪያ እንይላት» አለ።

«ላንተ እናት ነው ወይስ ለኔ?»

«ተይ እስቲ ፋን። መኪና ሲገጫት የማንም እናት አትሆንም።»

በነጋታው ፍለጋ ወጣን።

መጀመሪያ ያየነው ከፈረስ መሮጫው ጀርባ ያለውን ግቢ ነው። እኔ ቤት ስመረምር ምሕረት የለኝም። አንሶላ ገለጥኩ፣ የሩዝ ሾርባቸውን ቀመስኩ፣ መታጠቢያ ቤቱ ያንሸራትት እንደሆነ በእግሬ ሞከርኩ፣ ሽንት ይሸት እንደሆነ በየጥጉ አነፈነፍኩ።

«ልትገዢው ነው እንዴ?» አለኝ ኪዮንግ።

«ቀጥሎ የምትገባው አንተ ስለሆንክ ነው» አልኩት።

ከዚያ የመጦሪያው ባለቤት ማዳም ቹ፣ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፣ «አሁን ደግሞ እኔ እማማን ልያቸው» አለች። «እስቲ ወዲያ ድረስ ይራመዱልኝ።» ሉክ ጄ እንደ ዘንግ ቀጥ ብላ የገባችው ሴትዮ አንድ እግሯን እየጎተተች ሄደች። «አፍዎን ይክፈቱልኝ፣ ጥርስዎን ልይ።» ዓይኗን አንሻፋ ምላሷን አወጣች። የቆዳ በሽታ እንዳለባት ለማየት እጇን ሲያገላብጡት ጨብጣ እምቢ አለች። በመጨረሻ፣ ትን ይላት እንደሆነ ለማወቅ ሻይ ሰጧት። በሁለት እጇ በወግ ተቀበለች፣ ጎንበስ አለች፣ ከዚያ ማዳም ቹ ጭን ላይ ገለበጠችው። ሞኝ ባያፍር የሞኝ ዘመድ ያፍራል፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሁለተኛው ቤት እንኳ መስኮት የሌለው፣ ሽንት ሽንት የሚል ነበር፤ የቸገረው እርጉዝ ያገባል ብዬ ነው የሄድኩት። እነሱም በሻይዋና በምራቋ መለሱን።

እንግዲህ ከዚያ ወጥተን ነው መኪናው ውስጥ የገባነው። ድንገት ከኋላ የታፈነ ሳቅ ሰማሁ። ዞር ስል ሉክ ጄ አፏን በመዳፏ ሸፍና ትንፈቀፈቃለች።

«አዩልኝ እትዬ? ፊቷን አዩልኝ?» አለችኝ።

«የማንን ፊት?»

«አማት ልሁን ያለችውን ነዋ። እንኳን ለልጇ፣ ለውሻዋም አትወስደኝም ከእንግዲህ።»

ኪዮንግ መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመ። ለካስ እኛ መጦሪያ ስናይላት እሷ እየታጨች ነው። የጥንቱ ወግ እንዲሁ ነው፤ የወንዱ እናት ትመጣለች፣ ልጅቷ በሁለት እጇ ሻይ ታቀርባለች፣ ሂጂ እስቲ ትባላለች፣ ጥርሷና መዳፏ ይታያል። የማትፈልግ ልጅ ታነክሳለች፣ ዓይኗን ታንሻፋለች፣ ሻይ ትደፋለች። ጉንጉኗን አየሁት። ሉክ ጄ አሥራ ምናምን ዓመቷ ነው፤ ገና አልማለችም፤ ያ ሽማግሌ ሊወስዳት ነው። ኪዮንግ እስኪያነባ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ እጇን ስይዘው አጥብቃ ጨበጠችኝ፣ አለቅም አለች። ፈርታለች፤ የጨነቃት ልጅ ናት።

ሦስተኛውን ቤት ለማየት በቀጠርንበት ጠዋት መስታወት ፊት አስቀመጥኳት። ጉንጉኗን ፈታሁ፣ ዘይት ቀባሁ፣ ማበጠር ጀመርኩ።

«ምን እያደረጉኝ ነው እትዬ?»

«እየቋጠርኩልሽ ነው።»

«መሐላውንስ?»

«ምለሻል። ሁሉም ሰምቶሻል።»

«አባቴም?»

«አባትሽም ሰምቷል።»

ማጅራቷ ላይ አጥብቄ ጠቅልዬ በማበጠሪያ ወጋሁት። እጇን ወደ ኋላ ሰድዳ ዳሰሰችው፤ ትከሻዋ ቀስ ብሎ ወረደ። «እንግዲህ ማንም አይወስደኝም» አለች። «ማንም» አልኳት፣ ጫማዋንም አጠለቅኩላት። በራሴ ብልጠት ኮርቼ ነበር። እውነቱን ነው የምነግራችሁ፣ ለኪዮንግ ሳይቀር ጉራ ነዛሁበት። ሙሽራነቱን ዘጋሁት እንጂ፣ ከቋጠሮው በኋላ ምን እንደሚከተል አላሰብኩም።

ሦስተኛው፣ የሚስስ ሎ ቤት፣ ንጹሕ ነው። ዛፍ አለው፣ መስኮቱ ሰፊ ነው፣ ሾርባውም ዝንጅብል አለው። «ይህ የእህቶች አዳራሽ ነው» አልኳት ለሉክ ጄ። ቀና ብላ ገባች። ተራመጂ ሲሏት ተራመደች። ሻዩን በሁለት እጇ ይዛ ጠብታ ሳታንጠባጥብ ጠጣች። ከዚያ ጨርቅ ፈልጋ ጠረጴዛውን ወለወለችው፤ ጥጋጥጉን ሁሉ፣ ልክ እናቴ ቤት እንደምታደርገው።

«እንዲህ ያሉ እናት በስንት ጊዜያቸው» አለች ሚስስ ሎ። «ዛሬውኑ ይተዉልኝ።»

ሉክ ጄ በቴሌቪዥኑ ፊት የተደረደሩትን አሮጊቶች አየቻቸው። «ሳም ጄ የታለች?» አለችኝ። ሳም ጄ ሦስተኛዋ እህት ናት፤ ከሞተች ስንት ዘመኗ ነው። አንገቷን ደፍታ ወደተኛች አንዲት ሴት ጠቆምኳት። ኪዮንግ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሉክ ጄ ሄዳ የሴትዮዋን ነጠላ ጫማ ከእግሯ ሥር አስተካከለችላት።

ማታ ማታ ሲል ከወጥ ቤቱ የነጭ ሽንኩርት ጥብስ መሽተት ጀመረ። ሉክ ጄ ጨርቁን አጥፋ አስቀመጠች፣ ቦርሳዋን አነሣች።

«በሉ እኔ ልሂድ።»

«ወዴት?» አልኩ።

«ቤት ነዋ። ልጅቷ ራት አልበላችም።»

«የቷ ልጅ?»

«አህ ፋን። እናቷ ጨዋታ ላይ ናት። ከኔ እጅ በቀር ጉርሻ አይወርድላትም፤ አፏን ትዘጋለች፣ ነገረኛ ናት።»

ጸጉሯን ስቋጥር ከዚያች መንደር አውጥቻት፣ መርከብ አሳፍሬ፣ እናቴ ቤት አድርሻት ኖሯል። ወደኔ አምጥቻታለሁ፤ አምጥቼም ልቆልፍባት ነው። «ሉክ ጄ፣ እኔ እኮ ነኝ» አልኳት። «አህ ፋን እኔ ነኝ።» ሽበቴን አየች፣ መነጽሬን አየች፣ ለእናቴ እንግዶች እንደምትሥቀው በጨዋነት ሣቀች።

«አይቀልዱብኝ እሜቴ። ልጅቱ ይህን ብታክል ነው» ብላ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

ሚስስ ሎ ወደ ውጭ ገፋ ገፋ አደረገችን፤ ዘመድ ሲያዩ ይብስባቸዋል አለች። የብረት በሩ ተቆለፈ። ሉክ ጄ አልጮኸችም። ብረቱን ይዛ፣ «ይክፈቱልኝ፣ ልጅ ትጠብቀኛለች» ትላለች፣ ደግማ ደጋግማ፣ በትሕትና። ኪዮንግ ክንዴን ይዞ መኪናው ውስጥ አስገባኝ። ስንሄድም ያንኑ ትላለች።

ከዚያ በኋላ ማታ በመጣ ቁጥር እንዲሁ ሆነ። ሚስስ ሎ ስልክ ትደውልልኛለች፤ ምግብ አትቀምስም፣ እስኪደክማት ከበሩ አትላቀቅም፣ እንዲህ ከሆነ አላቆያትም ትላለች።

«ቋጠሮውን ሄደሽ ፍቺላት» አለኝ ኪዮንግ። «ትረሳሻለች፣ ታርፋለች።»

«ከዚያስ? ደግሞ ያን ሽማግሌ ስትፈራ ትኑር?»

ውሎ ሳያድር፣ ያኔውኑ መላ መጣልኝ። ፊቴን አታውቀውም እንጂ ድምፄ ብዙም አላረጀም። ለሚስስ ሎ ደውዬ ስልኩን ለሉክ ጄ ስጪልኝ አልኳት። ሲሰጧት የበሩ ብረት ሲንኳኳ ሰማሁ።

«ሉክ ጄ» አልኩ፣ እንደ ልጅነቴ እየጎተትኩ።

«አህ ፋን? መጣሁልሽ፣ በሩን እየከፈቱልኝ ነው።»

ስንት ጊዜዋ ነው በስሜ ከጠራችኝ። እንባዬን ዋጥኩና «አትምጪ፣ ራቴን በልቻለሁ» አልኳት።

የብረቱ መንኳኳት ቆመ።

«በልተሻል?»

«በልቻለሁ። ጨርሼዋለሁ።»

«ማን አበላሽ?»

ለዚህ አልተዘጋጀሁም። አፌ ላይ የመጣውን፣ «አንዲት ሴትዮ» አልኩ።

«ጥሩ» አለች። «በኔ ቦታ ሌላ ሠራተኛ ቀጥረዋል ማለት ነው።» ሉክ ጄ ብዬ ስጣራ ስልኩን መልሳለች።

ሚስስ ሎ ተቀበለችና፣ «ውለታሽ አለብኝ» አለችኝ። «ዛሬ ገና ከበሩ ተመልሳ ቁጭ አለች።»